የሽቅብ ፈቃድን ማበላሻ ምክር

በሐረር ጁገል ምዕራብ ካለው ከሸዋ በር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ፣ ሐረማያንና ደንገጎን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ከተጓዘ በኋላ ድሬዳዋ በሚገኘው በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ይሳፈራል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 1160 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ ከደቡቡ ያለው የሐረርጌ ተራራ ግን ከዚያ እጅግ ስለሚልቅ፣ መንገደኛው በመኪና የወረደውን ከፍታ አውሮፕላኑ በአየር መልሶ መውጣት አለበት፤ ይህን ሽቅብ ማበላሸት የሚሻ አብራሪም ሥራውን ገና መሬት ላይ ሳለ ይጀምር።

በመጀመሪያ የመነሻ ካርታውን አያንብብ። አብራሪዎች «ሲድ» የሚሉት መደበኛ የመነሻ መንገድ፣ አውሮፕላን ከተነሣ በኋላ የት እንደሚታጠፍ፣ በየትኛው ነጥብ ላይ ከየትኛው ከፍታ እንዳያንስ ወይም እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም የት ላይ እንደሚገደብ አስቀድሞ የሚወስን የታተመ ሥርዓት ሲሆን፣ አንዳንዱ ገደብ ከተራራ፣ ሌላው ከላይ ከሚያልፍ አውሮፕላን ይጠብቃል። በዓለም አቀፍ ደንብ የተለመደው ዝቅተኛ የሽቅብ መጠን 3.3 በመቶ ነው፤ ይህም በ180 ኖት ፍጥነት ለሚበር አውሮፕላን በደቂቃ 600 ጫማ ያህል መውጣት ማለት ነው። ሞቃት አየር ስስ በመሆኑ የክንፍንም የሞተርንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስሕተትን የሚወድ ሰው በማለዳ ያገኘውን አቅም በድሬዳዋ የቀትር ሙቀትም ይጠብቅ።

ዋናው ጥበብ ግን ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ቃል ቁጥሩን ብቻ መስማት ነው። ተቆጣጣሪው «ክላይም ቪያ ሲድ» ብሎ የመጨረሻውን ከፍታ ሲጠራ፣ በመንገዱ ላይ የታተሙትን ገደቦች ሁሉ እያከበሩ እስከዚያ ከፍታ መውጣት ማለቱ ነው። ለምሳሌ ካርታው አንድ ነጥብ ከ9000 ጫማ ሳይበልጡ እንዲታለፍ ቢያዝና ፈቃዱ እስከ 15000 ጫማ ቢሆን፣ የዚህ ምክር ተከታይ 9000ን ረስቶ በቀጥታ ወደ 15000 ይውጣ፤ በዚያ ነጥብ ላይ ከበላዩ እንዲያልፍ የተፈቀደለት ሌላ አውሮፕላን መኖሩን አያስብ። የከፍታ መለኪያውንም በተነገረው የአየር ግፊት አያስተካክል፤ የ10 ሄክቶፓስካል ስሕተት ወደ 300 ጫማ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል።

ፈቃዱን መልሶ ማንበብ ሲገባውም «ሮጀር» ብቻ ብሎ ይለፍ። መልሶ ማንበብ ተቆጣጣሪው የሰጠውን ከፍታና መንገድ አብራሪው እንደገና ሲናገር ስሕተቱ ሳይዘገይ እንዲታረም የተደነገገ ግዴታ ነው፤ «ሮጀር» ግን መልእክቱ መድረሱን እንጂ ምን ተብሎ እንደተሰማ አይገልጽም። ካልገባው ደግሞ ለመጠየቅ ይፈር፣ ረዳቱም የሰማውን ልዩነት ዝም ብሎ ይዋጥ። የሰው ሕይወት የተሸከመ አብራሪ ሊያፍርበት የማይገባ ነገር ቢኖር ይህ ጥያቄ ነው።

ተቆጣጣሪውም ድርሻ አለው፦ አውሮፕላኑ በመንደርደር ላይ ሳለ መንገዱን ይለውጥ፣ በጥድፊያ ይናገር፣ አዲስ ከፍታ ሲሰጥም የቀድሞዎቹ ገደቦች ይጽኑ ወይም ይሰረዙ ሳይል ይተው።

ለዚህ ሁሉ ብልሽት የቀረው ምክንያት አለማወቅ ብቻ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በኅዳር 2009 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የአነጋገር ሥርዓት መሠረት፣ አውሮፕላኑ በሲዱ ላይ እስካለና ተቆጣጣሪው በግልጽ እስካልሰረዘው ድረስ የታተመው የከፍታም ሆነ የፍጥነት ገደብ ጸንቶ ይቆያል።