አንድ አጭር ጥያቄ

ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እነዳለሁ። ጠዋት ሞተር እንዳስነሳሁ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕና ስለ ባህል የሚያወያየውን ተራማጅ ጣቢያዬን እከፍታለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ስንት ዓመት አብሮኝ የተቀመጠን ባልንጀራ በአደባባይ ማማት ነውር ነው። ደግሞም የመጣሁት ላመሰግነው ነው፤ በተለይ አዘጋጁን፣ ከአዘጋጁም ጥያቄውን።

«አንድ አጭር ጥያቄ ልጠይቅዎ» ብሎ ይነሳል። ከዚያ በባሪያ ንግድ ይጀምራል፣ በጥጥ እርሻው በኩል ወደ ፋብሪካው ይሻገራል፣ ባለፈው ሳምንት ያነበበውን መጽሐፍ ያነሳል፣ አያቱን ያስታውሳል፣ መጨረሻ ላይ ከቤት ኪራይ ይደርሳል። ቀይ መብራት ይዞኝ ሳለ የተጀመረው ጥያቄ ድልድዩን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ስገባ ያልቃል። እንግዳውም «ግሩም ጥያቄ ነው፤ አዎን» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ታኝኮ ተጎርሶለታል፤ የቀረው መዋጥ ነው።

ይህን ጥበብ በሬዲዮ ብቻ ማስቀረት ንፉግነት መስሎ ታየኝና ለታክሲዬ ወሰድኩት። ተሳፋሪ ገብቶ በሩን ሲዘጋ እንደ ድሮው «ወዴት ነው?» አልለውም። «ጌታዬ፣ አንድ አጭር ጥያቄ ልጠይቅዎ» እላለሁ። «ዱፖንት ሰርክል የሚሄድ ሰው ዱፖንት የባሕር ኃይል አድሚራል እንደ ነበር፣ ሐውልቱም ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1921 በቦታው ፏፏቴ እንደ ተተከለ ሳያስብ ሄደ ማለት ይቻላል? ፏፏቴውስ የማን ውኃ ነው? ዛሬ አደባባዩን የምንዞረው እኛ ነን ወይስ አደባባዩ ነው እኛን የሚያዞረን? ይህን ሁሉ ከግምት አስገብተን፣ ወዴት ልውሰድዎ?» ሰውየው ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሄደው። ባቡሩ ሄዷል። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ ጉዳዩ ውስብስብ ስለሆነ ጣቢያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩለት። በአራተኛው «እዚህ አውርደኝ» ሲለኝ ሐሳቡን በጣም እንደማከብር ገልጬ ወደ ሌላ ነጥብ አለፍኩ። ማድረስ የአድኃሪ ሥራ ነው፤ ተራማጅ ይራመዳል እንጂ አይደርስም።

ገቢውም አይከፋም። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 በዞን ስንሠራ ወሬ አያዋጣም ነበር፤ ብትለፈልፍም ዝም ብትልም ሒሳቡ ያው ነው። ሜትር ከገባ ወዲህ መኪናው ቆሞም ይቆጥራል። የከተማው አስተዳደር ያን ሁሉ ግርግር ያስነሳው ለካ ለእንዲህ ያለው ውይይት ብሎ ኖሯል።

የእንግዶቹ ስምምነትም ሊመሰገን ይገባዋል። ሦስት ሰው ይጋበዛል፤ እንደ ሰርግ ዘፈን አንዱ ያወጣል ሁለቱ ይቀበላሉ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ የውይይት ክበብ የተቀመጠ ሰው ይህን ዜማ ያውቀዋል። ያኔ ግን ብትቃወም ምን እንደሚመጣብህ ስለምታውቅ ነበር የምትስማማው። እነዚህ ማንም ሳያስፈራራቸው ነው። የሠለጠነ አገር!

እንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ ሲጀመር ግን ቀልድ አልነበረም። ሉዊስ ሂል የሚባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልዋጋም ያለ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በርክሌይ ካሊፎርኒያ ኬፒኤፍኤን ሲከፍት ማስታወቂያ ነጋዴ እንዳያዘው ብሎ አድማጩ ራሱ ከኪሱ እንዲያዋጣ አደረገ። ሂውስተን የተከፈተውን እህት ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ማሰራጫውን በፈንጂ አፈረሱበት። ወሬው የሚያስፈራ ነበር ማለት ነው። የኔን አዘጋጅ ዝም ለማሰኘት ማንም ፈንጂ አያባክንም፤ አንድ አጭር ጥያቄ ጠይቅ ቢሉት ይበቃል።

ባለፈው ወር ርዕሱ የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ኑሮ ነበር። እሰይ አልኩ። ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ደወልኩ። አንዲት ልጅ አንስታ «ጋሼ፣ መስመር ላይ ይቆዩ» በሚል ዓይነት ትሕትና፣ በእንግሊዝኛ፣ አስቀመጠችኝ። ጠበቅሁ። አንዱ ምሁር ሾፌሩ «ድምፅ የተነፈገ» ነው አለ። ሁለተኛዋ በጣም ተስማማች። ሦስተኛው የሾፌሩን ድምፅ «ማዕከል ማድረግ» እንዳለብን አሳሰበ። ድምፁ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ አርባ ደቂቃ ተቀምጧል። ከፊቴ ያሉት መኪኖች ሁሉ ጭነው ወጡ፤ ተራዬ ደረሰና እንዳያልፈኝ ብዬ አንድ እጄን መሪው ላይ አንዱን ስልኩ ላይ አድርጌ ቀረሁ። በመጨረሻ አዘጋጁ ስሜን አጣሞ ጠራኝ። «ሀሎ፣ እኔ ሾፌር ነኝ፣ የማነሳው ነገር ስለ ኢንሹራንስ...» ከማለቴ «በጣም ያሳዝናል፣ ሰዓታችን አልቋል» አለኝና ሙዚቃው ገባ።

ስለ ሾፌር አንድ ሰዓት ሙሉ አውርታችሁ ሾፌር አላናገራችሁም። ከዚህ በላይ የማጣምመው የለኝም። አፍራችሁ እንደሆነም አላውቅም፤ እኔ ግን በእናንተ ፋንታ አፍሬያለሁ።

በሳምንቱ የገንዘብ ማሰባሰቢያው ተጀመረ። ያው አዘጋጅ «ያለ እናንተ ድምፅ እኛ ምንም ነን» እያለ ይማጸናል። ደወልኩ። የፈለግሁት ያቺን የኢንሹራንሷን ነገር ልጨርስ ነበር። አንድ ጊዜ እንደ ጠራ ተነሳ። ለካ መስመሩ እንዲህም ነፃ ይሆናል! ልጅቷ ስሜን ሳታጣምም ጻፈች፣ የካርዴን ቁጥር ተቀበለች፣ ስንት ጊዜ አመሰገነችኝ። የጣቢያው ስም የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ በፖስታ ቤት ይደርስሃል አለችኝ። አራተኛዬ ነው። ባለቤቴ በሦስቱ ሽንኩርት ታመላልስባቸዋለች፤ ይኸኛው ለበርበሬው ይሆናል ብላለች።