የለበሱትን ጋቢ ወደ አገር ስለማስገባት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ያለ ገደብ ቢነግድ ሁለቱም እንደሚጠቀሙ በየስብሰባው የታመነበት በመሆኑ፤

ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) በ1987 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና፣ በ1993 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣናው ሲጀመር ግን ደጅ ቆማ ማየትን የመረጠች በመሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ያጸደቀች በመሆኑ፤

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ ሹማምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው መንገደኛን የሚያስተናግዱበት የጋራ የድንበር ጣቢያ ሞያሌ ላይ ሪባን የተቆረጠለት በመሆኑ፤

ይህ ሁሉ ባለበት፣ የዚህ አዋጅ አርቃቂ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ሲመለስ፣ ስሙ በማይጠቀስ አንድ ኬላ፣ በእኩለ ሌሊት፣ የለበሰውን ጋቢ ከትከሻው ላይ የተገፈፈ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጋቢ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ጎረቤት አገር» ማለት በንግግር ወንድም፣ በኬላ ባዕድ የሆነ አገር ነው።

3. ስለ ተሽከርካሪ፣ ስለ ቁም እንስሳት፣ ስለ ነዳጅና ስለ ጫት

እንደተለመደው ይቀጥላል።

4. ስለ ጋቢ

1) ማንኛውም መንገደኛ ጋቢ ለብሶ መግባት ይችላል። ሆኖም፦

ሀ) ጋቢው አዲስ ከሆነ ቀረጥ ይከፈልበታል፤
ለ) ጋቢው ተለብሶ ከሆነ ልባሽ ጨርቅ ነውና ማስገባት ክልክል ነው፤
ሐ) መንገደኛው «በርዶኝ ነው የለበስኩት» ካለ፣ መልበሱን በገዛ አፉ ስላመነ በ(ለ) መሠረት ይስተናገዳል።

2) ከላይ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ፣ ገላ የነካው ድርብ ብቻ እንደ ልባሽ ተቆጥሮ ይወረሳል፤ የቀሩት ሦስቱ እንደ አዲስ ይቀረጣሉ። ድርቦቹ እንዳይለያዩ የሚፈልግ መንገደኛ ማመልከቻ ያስገባል። ማመልከቻ ተቀባዩ ምሳ ላይ ነው። በእኩለ ሌሊትም ምሳ ላይ ነው።

3) ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ጋቢ ዕቃ ነው። የተከናነቡት ጋቢ ልብስ ነው። ተከናንበው የተኙበት ጋቢ አልጋ ልብስ ስለሆነ በሌላ የታሪፍ ቁጥር ይታያል። አውቶቡስ ውስጥ ማንቀላፋት እንደ መተኛት የሚቆጠረው መንገደኛውን የቀሰቀሰው ፈታሹ ራሱ ከሆነ ነው።

4) ለለቅሶ የሚጓዝ ሰው ጋቢ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ለቅሶ ስለመኖሩ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲያቀርብ። ደብዳቤው ከቀብሩ በፊት የተጻፈ ከሆነ ገና ለቅሶ አልነበረምና ዋጋ የለውም። ከቀብሩ በኋላ የተጻፈ ከሆነ መንገደኛው አርፍዷልና ጋቢ አያስፈልገውም።

5) ጋቢው ኬንያ ተሸምኖ ቢሆን ኖሮ፣ የኮሜሳ የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት ይዞ ከቀረጡ ላይ የ10 በመቶ ቅናሽ ባገኘ ነበር። እዚሁ አገር የተሸመነ በመሆኑ ቅናሹ አይመለከተውም። ባለቤቱ «ከዚሁ ወጥቶ ወደዚሁ የተመለሰ ነው» ብሎ ቢከራከር፣ ጋቢው የወጣበትን የኤክስፖርት ፈቃድ፣ እንዲሁም በውጭ ቆይታው ያስገኘውን የውጭ ምንዛሪ ያቀርባል።

6) ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። 100 ብር የተገመተ ጋቢ (በዚህ ዋጋ ጋቢ የሚሸጥ ካለ አርቃቂው አድራሻውን ይፈልጋል) በከፍተኛው የ35 በመቶ ቀረጥ 135 ብር ይሆናል። በ135ቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 170 ብር ከ78 ሳንቲም ይደርሳል። ታክሱ ራሱ ታክስ ይከፍላል ማለት ነው፤ ከታክስ ያመለጠ የለም።

7) ከትከሻዬ የተገፈፈው ጋቢ ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉን ግን የፈተለችው እናቴ ናት። ይህ ንዑስ አንቀጽ ሕግ አይደለም፤ ይመዝገብልኝ ብዬ ነው። ፈታሹ «ወንድሜ፣ አዲስ ነው አሮጌ?» ሲለኝ ምን ልበለው? አዲስ ብል ያስከፍለኛል፣ አሮጌ ብል ይወስድብኛል። «የኔ ነው» አልኩት። እንዲህ የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም አለኝ። ከኋላዬ የቆመች አንዲት ሴት አንድ ጀሪካን ዘይትና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ነበር። ሁለቱንም ወሰዱባት። አላለቀሰችም፤ ለምዳዋለች። ያን ጊዜ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና መጣ፤ የኬላው ገመድ ዝቅ አለለት፤ አለፈ። ሸራው ውስጥ ምን እንደነበር እኔ አላየሁም፤ ማየት ሥራው የሆነውም አላየም። የልባሽ ጨርቁ ቦንዳ መርካቶ ሲዘረገፍ ግን አገር ያየዋል! የታገደው ልባሽ ከተማውን አልብሶታል፤ የተያዘው የኔ ጋቢና የዚያች ሴት ብርድ ልብስ ነው። ይህ ቀረጥ ከጎረቤት አገር ጋር የሚደረግ ፉክክር ነው ይባላል። ኬንያ በዚያ ሌሊት አልበረዳትም።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

5. ስለ ደረሰኝ

ለተያዘ ዕቃ ደረሰኝ ይሰጣል። ወረቀት ካለቀ ይቅርታ ይሰጣል። ይቅርታ ካለቀ «ወደዚያ በል» ይሰጣል።

6. ስለተሻሩ ሕጎች

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ተከፍቶ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች ዛላምበሳ ላይ ያለ ፈቃድና ያለ ቀረጥ የተገበያዩበት አሠራር፣ ታኅሣሥ ሳያልቅ የተዘጋ በመሆኑ፣ በዚህ አዋጅ መሻር አላስፈለገውም።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም። ኬላው ላይ ድሮውንም ሥራ ላይ ነው።

ልብስ ለብሳችሁ የምትሻገሩ ወገኖች፦ ደረሰኝ ሳይሰጧችሁ አታውልቁ።