የማይገዛ ጎብኚን መብትና ግዴታ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በኪሳችን የሜትሮ ካርድ፣ በልባችን ላንድክሩዘር የያዝን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ተበትነን የምንኖር የመኪና ወዳጆች፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት በዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ትርዒት ተገኝተን፣ እግራችን እስኪዝል ዞረን፣ ቁልፍ ሳንይዝ የወጣን፤

አዳራሹ ከ7ኛው እስከ 9ኛው መንገድ ተዘርግቶ፣ ፎቅና ምድሩ በመኪና ተሞልቶ ሳለ፣ ከሚተራመሰው ሕዝብ ገዢው ጥቂት፣ ተመልካቹ ብዙ መሆኑን በዓይናችን ስላረጋገጥን፤

የሚገዛውን ሰው ባንክና ኢንሹራንስ ሲንከባከበው፣ የማይገዛውን ግን “ዛሬስ የት ዋልክ?” ከምትል ሚስት በቀር የሚጠይቀው ስለሌለ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የማይገዛ ጎብኚ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም አንቀየምም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “ጎብኚ” ማለት የፌራሪን የፈረስ ጉልበት በቃሉ የሚወጣ፣ የገዛ መኪናው የሞተር መብራት ክሩስኮቶው ላይ ከበራ ግን ወራት ያለፈው ሰው ነው።

ለ) “ተሽከርካሪ” ማለት በአዳራሹ ውስጥ የማይሽከረከር ማንኛውም መኪና ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ ደንብ ወደ ትርዒት አዳራሽ የሚገባ የቤንዚን መኪና ነዳጁ ከታንከሩ ሩብ እንዳይበልጥ፣ ክዳኑ እንዲታሸግ፣ የባትሪው ገመድ እንዲነቀል ያዛል። ስለሆነም ክላክስ ተጭኖ ድምፅ ያጣ ጎብኚ “ይኼ መኪና ሞቷል” ብሎ ወሬ መንዛት አይችልም።

ሐ) “ገላጭ” ማለት ማይክሮፎን ጆሮዋ ሥር የሰካች፣ ስለ መኪናው የተጠየቀችውን ሁሉ የምትመልስ፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ሥልጣን ያልተሰጣት ባለሙያ ናት። ከእሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ መቀመጥ መብት

በሩ ያልተቆለፈ መኪና ውስጥ መግባት፣ ወንበር ወደ ኋላ መግፋት፣ መሪ መጨበጥ፣ የውስጥ መስታወቱን ወደ ራስ ፊት አዙሮ “እንዴት ያምርብኛል?” ብሎ ማየት የማንም ጎብኚ መብት ነው። በማኑዋል መኪና የተቀመጠ እንደሆነ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ማስገባት ይፈቀድለታል፤ በአፉ የሞተር ድምፅ ማሰማት ግን ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ የተፈቀደ ነው። (ይህ ንዑስ ድንጋጌ በረቂቁ ላይ ብርቱ ክርክር አስነስቶ በጠባብ የድምፅ ልዩነት አልፏል።)

የኋላ ወንበር የሚለካው በኢንች ሳይሆን በዘመድ ነው። ጎብኚው “እማዬ ከመጣች፣ እትዬም አብራት ካለች፣ ልጆቹ መሐል ገብተው…” እያለ ሲያሰላ ገላጯ ማቋረጥ አትችልም። የዕቃ መጫኛውም እንዲሁ ነው፤ ከዳለስ አየር ማረፊያ የሚመጣ እንግዳ በርበሬና ሽሮ የጫነባቸው ሻንጣዎች ካልገቡ ያ መኪና የቤተሰብ መኪና ተብሎ አይጠራም።

አገር ቤት አዲስ መኪና የገዛ ሰው የወንበሩን ላስቲክ ሳያነሳ ብዙ ጊዜ ይነዳል። እዚህ ላስቲኩ ተገፎ፣ አላፊ አግዳሚው በጫማው እየወጣና እየወረደ ያገኘዋል። ጎብኚው ስለዚህ ማዘን ይችላል። ላስቲክ ከቤት ይዞ መምጣት ግን ክልክል ነው።

በገመድ የተከለሉትንና በራቸው የተቆለፉትን ውድ መኪኖች በተመለከተ፣ መስታወቱ ላይ ግንባር ለጥፎ ወደ ውስጥ ማየት በነጻ ነው። ትንፋሹ ያደበዘዘውን መስታወት ጎብኚው በራሱ እጅጌ ይወለውላል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1958 የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያቀረቡት ሕግ ጸድቆ፣ በአሜሪካ የሚሸጥ እያንዳንዱ አዲስ አውቶሞቢል አምራቹ የተመነለት ዋጋ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ እንዲታይ፣ ገዢው እጅ እስኪገባም ማንም እንዳይልጠው ተደንግጓል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በሴናተሩ ስም ይጠራል። በደላላ ሹክሹክታ የሚነገር ዋጋ ለለመደ ሰው ይህ እጅግ የሚያስደነግጥ ግልጽነት ነው።

ስለሆነም ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ “የመጨረሻውስ?” ብሎ መጠየቅ ተከልክሏል። ዋጋውን ወደ ብር መመንዘርም የተከለከለ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ስሌቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላልና፣ ጎብኚው በአዳራሹ ወለል ላይ ራሱን ቢስት አዋጁ ኃላፊነት አይወስድም።

አንቀጽ 5፦ የባለታክሲዎች ልዩ መብት

በዚህች ከተማ ታክሲ የነዳ ወገን ስለ ካምሪ ከገላጯ ይልቅ እንደሚያውቅ አዋጁ ይቀበላል። ቶዮታ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ካምሪን በሃይብሪድ ብቻ ማምረቱን ገላጯ እንደ ዜና ስትናገር፣ ዕድሜውን በፕሪየስ የጨረሰው ባለታክሲ ፈገግ ማለት ይፈቀድለታል። ባትሪው ሲደክም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ ማስረዳት የሚችለው ግን ከተጠየቀ ብቻ ነው። አይጠየቅም።

ጂፕ በትርዒቱ ላይ ሰው ሠራሽ ኮረብታ አቁሞ ጎብኚን በወረፋ ያወጣል፣ ያወርዳል። ሊማሊሞን በአይሱዙ የወጣ ሰው ወረፋ ይዞ መሳፈር ይችላል፤ ቁልቁለቱ ላይ ማንቀላፋት ግን ነውር ነው።

አንቀጽ 6፦ ከአዲስ አበባ ስለሚደወል የቪዲዮ ጥሪ

አዋጁን ለማውጣት ዋናው ምክንያት ይህ አንቀጽ ነው።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ጎብኚው ስልኩን ከፍ አድርጎ አዳራሹን እያሳየ ይዞራል፤ አዲስ አበባ ያለው የእህቱ ልጅ በሶማሌ ተራ መለዋወጫ ተቀጣጥላ የቆመች ቪትዙን አስቦ ይቃትታል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ካገደና የእህት ልጁም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ከዞረ በኋላ ግን የኃይል ሚዛኑ ተገልብጧል። ስለዚህ ጎብኚው የሚከተለውን ንግግር በትዕግሥት የመቀበል ግዴታ አለበት፦

“ጋሼ፣ የኔን መኪና ያሳዩኝ እስቲ።”

“የትኛውን?”

“አይዲ 6ን ነዋ! ፎልክስዋገን ጋ ይሂዱ።”

ጎብኚው ይሄዳል። የለም። ገላጯን ይጠይቃል። ባለ ሦስት ረድፉ አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ አልመጣም። በቦሌ መንገድ ግን እንደ ልብ ይታያል።

“እሺ ቢዋይዲ?”

እሱም የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የምትጥለውን ቀረጥ 100 በመቶ አድርሳለች። ጎብኚው በዚህ ጊዜ ስልኩን ወደ ጣሪያው ያዞራል።

“ታዲያ ጋሼ፣ ምን ሊያዩ ሄዱ?”

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በመመሪያ ይወጣል። መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ጎብኚው “ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው” ሊል ይችላል። የእህት ልጅ በበኩሉ መብራት ጠፍቶ መኪናውን ቻርጅ ሳያደርግ ያደረበትን ቀን የመናገር ግዴታ አለበት፤ ይህን ሳይናገር መኩራራት የሕግ ጥበቃ አያገኝም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ኮንሴፕት መኪና

ሞተር ለሌለውና በሩ ለማይከፈት መኪና “ሊብሬው ወጥቷል?” ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ የጣሰ ማንኛውም ጎብኚ በ9ኛው መንገድ ወደ ሰሜን በእግሩ ሄዶ፣ ዩ ስትሪት አጠገብ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ አብረውት ለዞሩት ሁሉ ክትፎ ይጋብዛል። ጥሬ ይሁን ለብለብ ተበዳዮች ይወስናሉ። በነጻ የሰበሰባቸውን የጨርቅ ቦርሳዎችም ግማሹን ያስረክባል።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1905 የተጀመረው የጄኔቫ የመኪና ትርዒት በ2024 በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ዘግቷል። የፍራንክፈርቱ በ2021 ወደ ሙኒክ ተዛውሯል። የቶኪዮው ስሙን ቀይሯል፤ የዲትሮይቱ ከጥር ወደ መስከረም ሄዶ ተመልሶ ጥር ገብቷል። አምራቾች አዲስ መኪና በስልክ መስኮት ብቅ ማድረጉ እንደሚረክስላቸው ስላወቁ፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ መብራት ሰቅለው፣ ለማይገዛ ሰው በር መክፈቱ ወጪ ሆኖባቸዋል። እኛ ደግሞ በስልክ መስኮት መቀመጥ አንችልም።

ስለዚህ ይህ አዋጅ በነጋሪት ከተነገረበት ከዛሬ ጀምሮ፣ አዳራሹ በሩን እስከከፈተ ድረስ የጸና ይሆናል። በጥር መጨረሻ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትገኙ ወገኖች ሁሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መኪናውን አትግዙ፤ ትኬቱን ግን ግዙ።