ሳነቴ ላይ የተለካው ጎማ

ለፒክአፕ ጎማና ቸርኬ መምረጥ ቀላል የሚመስለው መኪናው ቆሞ ስለሚመረጥ ነው። ደልዳላ አስፋልት ላይ፣ ያለ ጭነት፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሲታይ የማይስማማ ጎማ የለም። ታላቅ ወንድሜን መከራ ያሳየው ይኸው ነው፤ እኔም አብሬው ስለነበርኩ ላወጋችሁ ፈለግሁ።

ወንድም ጋሼ ኑሮው በጎባና በዶሎ መና መካከል ነው። ከጎባ ስኳርና ሳሙና ጭኖ ይወርዳል፤ ከሐረና ጫካ ማርና ቡና ጭኖ ይመለሳል። ዝናብ የመንገዱን ግራና ቀኝ ቦርቡሮ መሀሉን ሲያጎብጠው የሂሉክሱ የኋላ ዲፈረንሻል እየተጋጨ ቢያስመርረው፣ የፊቱን ሞላና የኋላውን ባሌስትራ አስቀይሮ መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር አስነሳው። አካሉ ከፍ አለ፤ ዲፈረንሻሉ ግን እዚያው ቀረ። የሂሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል የሚገኘው አክስሉ ላይ ነው፤ ባሌስትራ ደግሞ ከአክስሉ በላይ ያለውን እንጂ አክስሉን ራሱን አያነሳም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድም ጋሼ ትልቅ ጎማ መፈለጉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ጥያቄው ምን ያህል ትልቅ የሚለው ነው። የነበረው ጎማ 265/65R17 ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ሦስተኛው የቸርኬው ከፍታ በኢንች ነው። ተሰልቶ ሲደመር የጎማው ሙሉ ከፍታ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሱቁ ያቀረበለት 285/70R17 ደግሞ 831 ይደርሳል። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፤ አክስሉ የሚነሳው ግን በልዩነቱ ግማሽ ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር። ለዚህች ከፍታ የሚከፈለውን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገረውም። ይባስ ብሎ ቸርኬውም አብሮ ተቀየረ። የፋብሪካው ቸርኬ ስፋቱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (መገጠሚያው ከቸርኬው መሀል የሚርቅበት ልክ) 30 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አዲሱ ስፋቱ 9 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ዜሮ። ሻጩ ጎማውን አስገብቶ መኪናውን ሁለት ሜትር ወደፊት፣ ሁለት ሜትር ወደኋላ ነድቶ «ልክክ ብሏል» አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከጎባ ወደ ሳነቴ ስንወጣ የመጀመሪያው ዕዳ መጣ። ሳነቴ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ይደርሳል። አየሩ ሳስቶ ሞተሩ በደከመበት ቦታ ጎማው በ7 በመቶ ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይከብዳል። በሦስተኛ ይወጣ የነበረው ዳገት ሁለተኛ ጠየቀ። ፍጥነት መለኪያውም 100 ሲል እውነቱ 107 ነው። ቢሆንም በጅብራዎቹ መሀል ቀይ ቀበሮ ስታልፍ አይተን ደስ ብሎን ነበር።

ወደ ሪራ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ደስታችን አበቃ። ቁልቁለቱን በሞተር ለመያዝ ብንሞክርም የከበደው ማርሽ እንደ ድሮው አልገታውም፤ ፍሬን ማብዛት ግድ ሆነ። ኩርባው ላይ መሪው እስከ ጥጉ ሲታጠፍና ጭነቱ ወደፊት ሲገፋ ከግራ በኩል የሚፋቅ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ወርደን ስናይ ፓራፋንጎው ተጣሞ የብረቱ ጠርዝ የጎማውን ጎን ተርትሮታል። ሚስማር የበሳው የጎማ ፊት ይለጠፋል፤ ለተቀደደ ጎን ግን ጎሚስታ መድኃኒት የለውም። አዲሱ ጎማ ከሥር አልገባ ስላለ ተንጠልጥሎ የቀረው ቅያሪም የድሮው 265/65 ነበር።

ቡና ለመጫን የሚወርድ የኢሱዙ ሾፌር ቆሞ ክሪኩን አወጣልን። «ጋሼ፣ ጎማውን ብቻ አይውቀሱ» አለው ወንድሜን። «ቸርኬውን ይዩት፣ ወደ ውጭ ወጥቷል።» እውነት ነበር። 30ው ኦፍሴት ሲጠፋና ስፋቱ ሲጨመር የቸርኬው ጠርዝ 49 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። መሪ ሲታጠፍ ጎማው ሰፋ ያለ ክብ እየሠራ ፓራፋንጎውን ይመታል፤ ኩሽኔታውም ያለ ልኩ ይጫናል። ሾፌሩ ቅያሪውን ከፊት አስሮ «ፎር ዊል እንዳያስገቡ» ብሎ አስጠነቀቀን። ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው አክስል አብረው እንዲዞሩ ይታሰራሉ፤ የጎማው ከፍታ ከተለያየ ደረቅ ድንጋይ ላይ ማርሹ ይወጣጠራል። ከሪራ በታች ያለው ጭቃ ደግሞ ያለ ፎር ዊል አይታለፍም። ጭቃው እስኪጠፈፍ ሪራ አደርን።

ትልቅ ጎማ የሚያዋጣበትም አለ፤ አይስላንድ ውስጥ አርክቲክ ትራክስ የሚባል ድርጅት ለሂሉክስ 38 ኢንች ጎማ ይገጥማል። እነሱ ግን ፓራፋንጎውን ቆርጠው ያሰፋሉ፤ የዲፈረንሻሉንም ማርሽ ይቀይራሉ። ትልቅ ጎማ የሚስማማው መኪናው ለእሱ ሲዘጋጅ ነው። ያን ያህል ማዘጋጀት የማይችል ሰው የጎማውን ልክ ለመኪናው ያስተካክል።

ወንድም ጋሼ ዛሬ በፋብሪካው ቸርኬ ላይ 265/70R17 ገጥሟል። ከፍታው 803 ሚሊ ሜትር ነው፤ አክስሉ በ13 ሚሊ ሜትር ተነስቷል፤ አምስተኛውም ጎማ ያው ልክ ነው። ከመግዛቱ በፊት ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር አየ፤ 112 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። የተመረተበትንም ሳምንትና ዓመት ከጎኑ አነበበ። ከዚያ ጆንያዎቹን ጭኖ፣ አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥቶ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥጉ አዞረ። ሻጮች ሁሉ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ይህን ቢያሳዩ ስንት ሰው ከቁልቁለት አደጋ ይተርፍ ነበር!

አሁን ወጣት ሾፌሮች ስለ ጎማ ሊያማክሩት ሲመጡ ወንድም ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው «ምን ትጭናለህ? በየት ትወርዳለህ?» ብሎ ነው። ቁጥሩን የሚነግራቸው መልሱን ከሰማ በኋላ ነው።