ስለ ስኳር ጎተራ ከቆሽት የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ከጨጓራ ጀርባ የተቀመጥን ቆሽት፣ የደም ስኳር ጠባቂ፣ ለጉበት፣ ለጡንቻ፣ ለአንጎልና ለቤተ ዘመዱ ሁሉ።

የተሸከመን ሰውዬ 55 ቀን ጾሞ ዛሬ ፈስኳል። ዶሮ ሲጮህ ዶሮ ወጡ ቀርቧል፤ እንጀራው ተደራርቧል፤ ድፎው ተቆርሷል። እንጀራና ድፎው አንጀት ሲደርሱ ግሉኮስ ሆነው ደም ሥሩን አጨናንቀውታል። ደም ደግሞ በደኅና ቀን የሚይዘው 5 ግራም ገደማ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ኢንሱሊን ነጋሪት እየጎሰመ እንዲወጣ አዘናል።

ግሉኮስ ሆይ፣ በየመንገዱ አትንከራተት። እርስ በርስህ ተያያዝ፣ በየአሥሩ ገደማ ቅርንጫፍ አውጣ፣ ዛፍ ሁን፤ የቸገረው ቀን ከብዙ ጫፍ ባንዴ እንዲመለምልህ። ስምህም ግላይኮጅን ይባል። ስሙን እኛ አላወጣነውም፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ከጉበት ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ነው። እኛማ ስም ሳንሰጠው ስናከማች ኖረናል።

የጉበት ጎተራ 100 ግራም ገደማ ነው፤ የጡንቻ ሁሉ ተደምሮ 400 ያህል። በጡንቻ ላይ «ስስታም ነው» የሚል አቤቱታ በብዛት ቀርቧል። ግሉኮስ ወደ ሴል ሲገባ የፎስፌት ማተብ ይታሰርለታል፤ ማተቡን ፈትቶ ወደ ደም የሚያሰናብተው ኢንዛይም ጉበት ቤት አለ፣ ጡንቻ ቤት የለም። አንጎል ደጅ ቢጠና ጡንቻ «መፍቻ የለኝም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ጅብ የመጣ ቀን ሮጦ የሚያስመልጠን እሱ ስለሆነ ክሱ ተዘግቷል።

አንጎል በበኩሉ በቀን 120 ግራም ያህል እየበላህ ስለ ሌላው ስስት ባትናገር ይሻላል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳትወድቅ ያዋለህ ማን ሆነና? ግሉካጎንን ልከን የጉበትን ጎተራ ያስከፈትንልህ እኛ ነን። አንድ ቀን ሙሉ ቢጾም ጎተራው ይራቆታል፤ ያኔ ጉበት ከፕሮቲን ፍርፋሪ ሳይቀር አዲስ ስኳር ይሠራል።

ጎተራ ሞልቶ የተረፈው ስብ ሆኖ ወደ ቦርጭ ይሂድ። ለቦርጭ ወሰን አልተበጀለትም።

እጅና አፍ ከሥልጣናችን ውጭ ስለሆኑ አዋጁ አይመለከታቸውም። ይህ በመነበብ ላይ ሳለ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» የሚል ድምፅ ተሰምቷል፤ ሁለተኛ ድፎም ተቆርሷል አሉ። ኢንሱሊን ነጋሪቱን እንዳያስቀምጥ።