ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ በመተማ ቆላ፦ የጥናት መነሻ

የመተማና የቋራ ቆላ የአደን ጠመንጃ ሲነሣ ክርክሩ ሁሉ ስለ አፈሙዝ ነው። ይህ ጥናት ግን ከሰደፉ በኩል ይጀምራል፤ መከራውን የሚያየው በዚያ በኩል ያለው ነውና።

ቀዳሚው ምስክራችን እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች ዳር ሲያድን ቆይቶ በመተማ በኩል አልፏል። ከጠመንጃዎቹ አንዷን «ሕፃን» ይላታል። ሕፃኗ 9 ኪሎ ትመዝናለች፤ የምትተፋው ፈንጂ ጥይት 227 ግራም ገደማ ነው። ዐረብ ተከታዮቹ «የመድፍ ልጅ» አሏት፤ የአባትነቱ ጉዳይም በዚሁ ተዘጋ። ቤከር እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ሲተኩሳት በቁሙ ታሽከረክረው እንደነበር ይናገራል። ስለዚህ ይፈራታል፤ ከስንት አንዴ ቢተኩሳት ግን አንድም ጊዜ ሳይጥል አልቀረም። በሚሽከረከር ዓይን የተቆጠረ ግዳይ መሆኑን መዝግበን እንለፍ።

በዚያው ወንዝ ዳር የሐምራን አዳኞች ዝሆኑን በፈረስ እያባረሩ ቋንጃውን በሰይፍ ይቆርጡ ነበር። ሰይፍ ትከሻ አይመታም።

የእኛው ውጅግራ ከሕፃኗ ጋር ሲተያይ ጨዋ ነው፤ ጥይቱ 25 ግራም ብቻ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 ታጠቀው፤ በ1886 ባለ ብዙ ጥይቱን ለበልን ሲይዝ ተወው፤ ውጅግራም ወደ እኛ መጥቶ ዐድዋ ዘመተ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ቃታው ሲሳብ ቀለሁ ይወጣል፣ እጅ ወደ ዝናር ይሄዳል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው ብሂል የማዕድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ የቆሰለ አንበሳ ፊት ቆሞ ዝናሩን የሚዳብስ ሰው ግን ሌላ ትርጓሜ አለው።

ዋናው ግኝታችን ጢሱ ነው። የዘመኑ ባሩድ ጢሳም በመሆኑ ተኳሹ ወዲያው ምንም አያይም። አውሬው ይውደቅ ይሩጥ የሚያውቀው ራሱ አውሬው ነው፤ እሱ ደግሞ አይፎክርም። ክፍተቱን የሞላው አዳኙ ነው። ጥይቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፉከራው እስከ ንጋት የሚዘልቀው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በቋራው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ካሜራ አጥምደው አንበሳ መኖሩን አረጋገጡ። በፉከራው ሒሳብ ቢሆን ኖሮ አንድም ባልተረፈ።