ጫቱስ?

ስዊድኖች በ1922 እ.ኤ.አ. «መጠጥ ይከልከል ወይስ አይከልከል?» ብለው ሕዝባቸውን ሲጠይቁ፣ ክልከላው 49 ለ51 ተሸነፈ። የሴቱና የወንዱ ድምፅ ለየብቻ ተቆጥሮ ነበርና፣ ይከልከል ባዮቹ በብዛት ሴቶች መሆናቸው ታወቀ። ሌሊት ለሰካራሙ በር የሚከፍተው ማን ሆነና!

ይህን ከሚሴ፣ በርጫ ላይ ባወራው፣ ጉንጫቸው የተወጠረ አንድ አባት ሳቁብኝ።

«ለመጠጥ ደግሞ ምን ምርጫ ያስፈልገዋል? ሐራም ነው፤ አለቀ።»

የከሚሴ ሰው ካርድ ሳያወጣ አሸንፏል ማለት ነው።

«ስለ ጫቱስ ድምፅ ብንሰጥ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቀንበጥ ቀንበጡን መረጡ፤ የፌስታሉን አፍ ቋጠር አድርገው ወደ ጉያቸው ሳቡት።

«ልጄ፣ ይሄ የችኮላ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ቁጭ ብለን፣ እየቃምን እንምከርበት።»